ረጅም ጸጉር ያለውን ትልቅ ውሻ በጎንደር ማሳደግ፦ አያያዝ፣ አመጋገብና የጸጉር እንክብካቤ

ረጅም ጸጉር ያለው ትልቅ ውሻ ከሩቅ ሲታይ ሁልጊዜ ጤነኛ ይመስላል። ጎድኑ የገጠጠ የሀበሻ ውሻ መራቡን መንገደኛው ሁሉ ያያል፤ ጸጉራሙ ውሻ ግን ክብደቱ ቢቀንስ፣ አንገቱ በማሰሪያው ቢላጥ፣ ብብቱ ውስጥ መዥገር ቢሰፍር፣ ቆዳው በክረምቱ እርጥበት ቢቆስል፣ ከላይ የሚታየው ያው ግርማው ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ውሻ የሚያሳድግ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ሊለምደው የሚገባው ውሻውን በዓይኑ ሳይሆን በእጁ መመርመርን ነው። ጣቶቹ በየቀኑ፣ ለአጭር ጊዜም ቢሆን፣ ጸጉሩን አልፈው ቆዳው ድረስ መድረስ አለባቸው። በዚህ ጽሑፍ የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው ከዚህ የሚነሣ ነው።

ቡችላውን ስለ መምረጥና ስለ ማልመድ

በየግቢው በብዛት የሚታየው ረጅም ጸጉራም ትልቅ ውሻ ጀርመን ሸፐርድ ወይም ከሀበሻ ውሻ ጋር የተዳቀለው ዘሩ ነው። ጀርመን ሸፐርድ አድጎ ሲጨርስ ወንዱ ከ30 እስከ 40 ኪሎ ግራም፣ ሴቷ ከ22 እስከ 32 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ። የጸጉሩ ርዝመት የሚገለጠው ውርሱ ከእናትም ከአባትም ሲመጣ ብቻ ስለሆነ፣ አጭር ጸጉር ካላቸው ወላጆች ረጅም ጸጉር ያለው ቡችላ ሊወለድ ይችላል፤ የእናቱን አጭር ጸጉር ብቻ አይቶ ሻጩን መጠርጠር ተገቢ አይደለም። መጠርጠር የሚገባው እናቲቱን ለማሳየት ፈቃደኛ ያልሆነውን ወይም ቡችላውን ስምንት ሳምንት ሳይሞላው ለመሸጥ የሚቸኩለውን ሰው ነው።

ቡችላ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት አካባቢ ባለው ጊዜ ያየውንና የነካውን ነገር ካደገ በኋላም አይፈራውም። የግቢ ጠባቂ እንዲሆን የታሰበ ውሻም ቢሆን በዚህ ዕድሜው ሕፃናትን፣ ሽማግሌዎችን፣ ነጠላ የለበሰችን ሴት፣ ጃንጥላ የያዘን ቄስ፣ የባጃጅን ድምፅ ሊለምድ ይገባዋል። ሰው እንዳይለምድ ታስሮ ያደገ ውሻ ጎበዝ ጠባቂ አይሆንም፤ ፈሪ ይሆናል፣ ፈሪ ውሻ ደግሞ ለይቶ አይነክስም። ከዚህ እኩል አስፈላጊ የሆነው መዳፉን፣ የጣቶቹን መካከል፣ ጆሮውን፣ አፉን፣ የጅራቱን ሥር በየቀኑ እየነካኩ ማልመድ ነው። አምስት ኪሎ የሚመዝን ቡችላ ማበጠሪያ እየተቃወመ ሊያዝ ይችላል፤ አርባ ኪሎ ከሆነ በኋላ ግን እሱ ካልፈቀደ በስተቀር ማንም አያበጥረውም።

ጸጉሩ ምን እንደሚሠራ

የዚህ ዓይነት ውሻ ጸጉር ሁለት ድርብ ነው። ከላይ ያለው ረጅምና ሸካራ ጸጉር ዝናብንና ፀሐይን ይመልሳል፤ ከሥሩ ያለው አጭር፣ ጥቅጥቅ ያለና እንደ ባዘቶ የለሰለሰ ጸጉር አየርን አፍኖ ሙቀትን ይጠብቃል። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ሌሊት ብርዱ ይታወቃል፤ የካቲት፣ መጋቢትና ሚያዝያ ደግሞ ቀኑ ይሞቃል። ጸጉሩ በሁለቱም ወቅት ያገለግላል።

በመጋቢት ሙቀት ውሻው ምላሱን አውጥቶ ሲያለከልክ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ልክ እንደ በግ መሸለትን ነው። ሐሳቡ ከርኅራኄ የመጣ ቢሆንም ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል። ውሻ እንደ ሰው በመላ ሰውነቱ አያልብም፤ የሚቀዘቅዘው በዋነኛነት በማለክለክ ነው፣ ላብ የሚያወጣውም በመዳፉ ሥር ብቻ ነው። የላይኛው ጸጉር ሲወገድ ቆዳው ለፀሐይ ቃጠሎ፣ ለዝንብና ለጭረት ይጋለጣል። ከዚህም በላይ የሥሩ ጸጉር ፈጥኖ፣ የላይኛው ዘግይቶ ስለሚያድግ፣ አንድ ጊዜ የተላጨ ጸጉር ቀድሞ ወደነበረበት ሁኔታ ላይመለስ ይችላል፤ የሚበቅለው ውኃ የሚመጥጥና በቀላሉ የሚቋጠር ይሆናል። መላጨት የሚያስፈልገው ሐኪም ለቀዶ ሕክምና ወይም ለቆዳ በሽታ ሲያዝ ነው። በመቀስ ሊቆረጥ የሚገባው በመዳፉ ጣቶች መካከል የሚበቅለውና በፊንጢጣው ዙሪያ የሚቆሽሸው ጸጉር ብቻ ነው። ለሙቀት ትክክለኛው መፍትሔ ጥላ፣ ንጹሕ ውኃና የሞተው የሥር ጸጉር ተበጥሮ መውጣቱ ነው።

የጤነኛ ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። በቀትር ሙቀት የሮጠ ውሻ ማለክለኩ ካላቆመ፣ ድዱ ደማቅ ቀይ ከሆነና ከተንገዳገደ፣ ወዲያው ወደ ጥላ ወስዶ ሆዱን፣ ብብቱንና መዳፎቹን በቀዝቃዛ ውኃ ማራስ፣ በማራገቢያ ወይም በካርቶን ማራገብና ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል። በእርጥብ ፎጣ ሸፍኖ መተው ሙቀቱን አፍኖ ያስቀራል። በሞቃት ወራት የእግር ጉዞው በማለዳ ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ ቢሆን ይመረጣል፤ አስፋልቱና ኮብልስቶኑ የመዳፉን ቆዳ ያቃጥላል። የእጅን ጀርባ መሬቱ ላይ አሳርፎ እስከ ሰባት ድረስ መቁጠር ያልቻለ ሰው ውሻውንም በዚያ ላይ ማስኬድ የለበትም።

ማደሪያና ማሰሪያ

የውሻው ቤት በውስጡ ቆሞ ለመዞርና ተዘርግቶ ለመተኛት የሚበቃ፣ ወለሉም ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ያለ ሊሆን ይገባል። በሰኔና በመስከረም መካከል የሚወርደው ዝናብ የግቢውን አፈር ጭቃ ስለሚያደርገው፣ መሬት ላይ የሚተኛ ጸጉራም ውሻ ሆዱና ብብቱ ሳይደርቅ ይከርማል። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ከላዩ ሣር ወይም ጣውላ ቢደረግበት የቀኑን ግለት ይቀንሳል። የሚነጠፈው ጭድ ወይም ጆንያ በየሳምንቱ ፀሐይ ላይ መሰጣት፣ ሲቆሽሽም መለወጥ አለበት፤ የቁንጫ እንቁላልና እጭ የሚገኘው በአብዛኛው በውሻው ላይ ሳይሆን በሚተኛበት ምንጣፍ ላይ ነው።

ቀን ማሰር፣ ሌሊት መፍታት የቆየ ልማድ ነው። እንግዳ በሚበዛበት ግቢ ይህን ማስቀረት ቀላል እንዳልሆነ ይገባኛል፤ ነገር ግን በሁለት ሜትር ሰንሰለት ቀኑን ሙሉ መታሰር ትልቅ ውሻን ያስቆጣል፣ ጡንቻውንም ያደክማል። የተሻለው በሁለት ምሰሶዎች መካከል ጠንካራ ሽቦ ወጥሮ ሰንሰለቱ በሽቦው ላይ እየተንሸራተተ ውሻው ከዳር እስከ ዳር እንዲመላለስ ማድረግ ነው። የአንገት ማሰሪያው ሰፋ ያለ ቆዳ መሆን አለበት። ገመድና ቀጭን ሰንሰለት የአንገቱን ጸጉር ይቆርጣሉ፣ ቆዳውንም ይልጣሉ። ሁለት ጣት በማሰሪያውና በአንገቱ መካከል መግባት አለበት፤ በፍጥነት በሚያድግ ቡችላ ላይ ይህ በየሳምንቱ ሊፈተሽ ይገባል፣ ምክንያቱም የጠበበ ማሰሪያ ሥጋው ውስጥ እስኪሰምጥ ድረስ ጸጉሩ ይሸፍነዋል። የግቢው በር ሌሊት መዘጋቱን ማረጋገጥም ያስፈልጋል፤ በከተማው ዳርቻ ጅብ ይመጣል፣ ትልቅነቱም ውሻውን አያድነውም።

ምን ይብላ?

በብዙ ቤት የውሻ ምግብ ማለት ከገበታ የተረፈ እንጀራና ወጥ ነው። እንጀራው ለብቻው ጉዳት የለውም፤ ውሻ የበሰለ እህል ይፈጫል። ችግሩ ወጡ ነው። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች የሚያፈርስ ንጥረ ነገር አላቸው፣ መብሰላቸውም መርዛማነታቸውን አያጠፋም። በአንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ የሰውነት ኪሎ ከ15 እስከ 30 ግራም ቀይ ሽንኩርት መብላት ውሻን ለደም ማነስ ሊያበቃ ይችላል፤ በየቀኑ በጥቂቱ የሚበላውም ይጠራቀማል። የበዓል ዶሮ ወጥ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚፈጅ ለጎንደር ሰው መንገር አያስፈልግም። ከዚያ ላይ በርበሬው ሆዱን ያስቆጣል፣ የተቀቀለው የዶሮ አጥንት ደግሞ እንደ ስንጥር እየተሰነጠቀ ጉሮሮውንና አንጀቱን ይወጋል። ሽሮም ነጭ ሽንኩርትና ቅመም አብሮ የተፈጨበት በመሆኑ ከዚህ አይለይም። ዘቢብ፣ ቸኮሌት፣ የቡና አተላ፣ ጠላና የጠላ አተላ፣ የሻገተ ዳቦና እንጀራ ፈጽሞ ሊሰጡት አይገባም። ለላም የሚገዛውን የኑግ ፋጉሎ ለውሻ የሚሰጡም አሉ፤ በእርጥበት የቆየ ፋጉሎ ጉበትን የሚጎዳ የሻጋታ መርዝ ሊይዝ ስለሚችል ይህም ይቅር።

ለትልልቅ ውሾች ተብሎ የተዘጋጀ ደረቅ ምግብ ለመግዛት አቅሙ ላለው ሰው፣ በተለይ በቡችላነት ዘመኑ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ለሌሎቻችን ግን የውሻው ምግብ ለብቻው በአንድ ድስት ሊበስል ይገባል። 35 ኪሎ ግራም የሚመዝንና መጠነኛ እንቅስቃሴ የሚያደርግ አዋቂ ውሻ በቀን 1,600 ኪሎ ካሎሪ ያህል ያስፈልገዋል። ይህም በግምት ግማሽ ኪሎ ስብ ያልበዛበት ሥጋና 200 ግራም ያህል ደረቅ ሩዝ ተቀቅሎ የሚሰጠው ነው፤ በሩዙ ፋንታ የስንዴ ቅንጬ፣ ድንች ወይም የበቆሎ ገንፎ ሊተካ ይችላል። ካሮት ወይም ዱባ ቢጨመርበት መልካም ነው። ጨው አያስፈልግም። ከሥጋ ቤት የሚገኘው ቁርጥራጭ፣ ጨጓራና ልብ ከጥሩው ሥጋ በእጅጉ ይረክሳል፤ ጉበት ግን ቫይታሚን ኤ ስለሚበዛበት ከጠቅላላው ምግብ ከሃያ እጅ አንዱን ባይበልጥ ይሻላል።

በቤት የሚበስል ሥጋና ሩዝ ካልሲየም የለውም ማለት ይቻላል። የእንቁላል ቅርፊት ታጥቦ፣ ደርቆና እንደ ዱቄት ልሞ አንድ የሻይ ማንኪያ ሲሆን ወደ ሁለት ግራም የሚጠጋ ካልሲየም ይሰጣል፤ ለአዋቂ ውሻ ይህ በቀን አንድ ጊዜ ይበቃዋል። ለትልቅ ዘር ቡችላ ግን ካልሲየምን በግምት መጨመር አደገኛ ነው፤ ማነሱም መብዛቱም አጥንቱን ስለሚያጣምም መጠኑን የእንስሳት ሐኪም ይወስንለት። ቡችላው ቶሎ እንዲገዝፍ ብሎ ማወፈርም ያው ጥፋት ነው። የጀርመን ሸፐርድ የዳሌ መገጣጠሚያ በተፈጥሮው ደካማ ሊሆን ስለሚችል፣ በቀጭንነት ያደገ ቡችላ በእርጅናው የተሻለ ይራመዳል።

ለጸጉሩ ድምቀት የሚያስፈልገው ቅባት እዚሁ አካባቢያችን የሚገኝ ነው። የኑግ ዘይት ለቆዳ እጅግ አስፈላጊ በሆነው ሊኖሌይክ አሲድ የበለጸገ ስለሆነ፣ በምግቡ ላይ በቀን ከአንድ እስከ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቢንጠባጠብበት ደረቅ፣ የሚፎረፍርና ወዙን ያጣ ጸጉር በሁለት ወር ገደማ ለውጥ ያሳያል። ከዚህ ቢበዛ ሆዱን ያላላል። የተቆላና የተፈጨ ተልባም ይጠቅማል። ቅቤ ግን፣ በተለይ በቅመም የነጠረው፣ አይሰጠው።

በጾም ወራት ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ብዙ ሥጋ ቤቶች ይዘጋሉ፣ ቤተሰቡም የጾም ምግብ ይበላል፣ ውሻው ደግሞ ሳይነገረው አብሮ ይጾማል። ከላይ የሚታየው ጸጉር ሳይለወጥ ከሥሩ የጀርባው ጡንቻ ይከሳል። ከጾሙ መግቢያ አስቀድሞ ያለ ቅመምና ያለ ጨው የደረቀ ቋንጣ ማዘጋጀት፣ ወይም የተቀቀለ እንቁላል መስጠት ይቻላል። ከጎርጎራ የሚመጣ የጣና ዓሣም እሾሁ ሁሉ ወጥቶ ተቀቅሎ ሲሰጠው ሁነኛ ምግብ ነው። የተቀቀለ ምስርና ሽምብራ የሥጋውን ጉድለት በከፊል ይሞላሉ፤ ለብቻቸው ግን አይበቁም።

የጾሙ መፍቻ ደግሞ ተቃራኒውን አደጋ ይዞ ይመጣል። በፋሲካና በገና በየግቢው በግ ሲታረድ ሳንባውና የተበላሸው ጉበት ለውሻ ይወረወራል። በእነዚህ ክፍሎች ላይ አንዳንዴ ውኃ የቋጠረ፣ ነጭ ግድግዳ ያለው ከረጢት ይታያል። ይህ ኢኪኖኮከስ የተባለ ጥቃቅን የኮሶ ዓይነት ትል እጭ ነው። ጥሬውን የበላ ውሻ በአንጀቱ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ትሎችን ያፈራል፣ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላም እንቁላላቸውን በዓይነ ምድሩ ያወጣል። እንቁላሉ በጸጉሩ ላይ ይጣበቃል፤ ውሻውን የዳሰሰ ሕፃን እጁን ሳይታጠብ ሲበላ ከረጢቱ በሕፃኑ ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥ ይበቅላል፣ ከዓመታት በኋላም በቀዶ ሕክምና የሚወጣ ይሆናል። ውሻው ራሱ ምንም የሕመም ምልክት ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ ሳንባና ጉበት ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ሳይፈላ ለውሻ መሰጠት የለበትም፤ ከረጢት የታየበት ደግሞ ይቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቀበር። ለዚህ ትል የሚሰጠው መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ነው፤ ጥሬ ትራፊ ሊያገኝ የሚችል ውሻ በየስድስት ሳምንቱ ቢወስደው ይመከራል። የውሻውን ዓይነ ምድር በየቀኑ መጥረግና ጎመን ወይም ሰላጣ ከሚተከልበት መደብ ማራቅም ከዚሁ የሚቆጠር ነው።

አዋቂ ውሻ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ቡችላ እስከ አራት ወሩ በቀን አራት ጊዜ፣ ከዚያ እስከ ስድስት ወሩ ሦስት ጊዜ ይብላ። ደረተ ጥልቅ የሆኑ ትልልቅ ውሾች አንድ ጊዜ ብዙ በልተው ወዲያው ሲሮጡ ጨጓራቸው በአየር ተነፍቶ ሊጠመዘዝ ይችላል። ሆዱ እንደ ከበሮ ከተወጠረ፣ ሊያስመልስ እየሞከረ ምንም ካልወጣውና መቀመጥም መተኛትም ካቃተው፣ የቀሩት ሰዓታት ጥቂት ናቸው፤ እስኪነጋ አይጠበቅም። ከምግብ በፊትና በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ማሳረፍ ጥሩ መከላከያ ነው።

ውፍረቱን ለማወቅ ጣቶችን ጎድኑ ላይ አሳርፎ መዳሰስ ነው። ጎድኖቹ ሳይጫኑ ተለይተው የሚቆጠሩ ከሆነ ከስቷል፤ ተጭነው ካልተገኙ ወፍሯል።

ማበጠር

ለዚህ ሥራ ሦስት ዕቃ ይበቃል፦ ጥርሱ ዘርዘር ያለ የብረት ማበጠሪያ፣ ጥርሱ ጠቅጠቅ ያለ ሌላ ማበጠሪያ፣ እንዲሁም ቀጫጭን የሽቦ ጥርስ ያለው የውሻ ብሩሽ። ብሩሹ ካልተገኘ በሁለቱ ማበጠሪያዎች መሥራት ይቻላል። የሰው የፕላስቲክ ማበጠሪያ ግን በሁለተኛው ቀን ጥርሱ ይረግፋል።

አብዛኛው ሰው የሚያበጥረው ጀርባውን ነው፣ ያውም ከላይ ከላይ። ጀርባው ያብረቀርቃል፣ ሥሩ ግን እንደ ጀበና ማስቀመጫ ምንጣፍ ተጠቅጥቆ ይቀራል። ትክክለኛው አሠራር ውሻውን በጎኑ አስተኝቶ ከታች፣ ከኋላ እግሩ መጀመር ነው። በግራ እጅ ጸጉሩን ወደ ላይ ገፍቶ ይዞ፣ ከሥር አንድ ረድፍ ብቻ እየለቀቁ ከቆዳው አንሥቶ ወደ ውጭ ማበጠር፤ ያ ረድፍ ማበጠሪያው ሳይያዝ ሲያልፍበት ከላዩ ያለውን ሌላ ረድፍ መልቀቅ። በሁለት ረድፎች መካከል የቆዳው መስመር መታየት አለበት፤ ካልታየ ማበጠሪያው ሥሩ አልደረሰም ማለት ነው። በዚህ መንገድ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ግማሽ ሰዓት መሥራት ይበቃል። ጸጉሩ በብዛት በሚረግፍበት ወቅት ግን በየቀኑ ያስፈልጋል፤ በዚያን ጊዜ ከአንድ ውሻ የሚወጣው የሥር ጸጉር ትራስ ይሞላል ቢባል ማጋነን አይደለም።

ጸጉሩ የሚቋጠርባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ ከጆሮው ጀርባ፣ በብብቱ፣ በጭኖቹ መካከል፣ በኋላ ጭኑ ላይ በተንዠረገገው ጸጉርና በጅራቱ ሥር። ቋጠሮ ሲገኝ ሥሩን በሁለት ጣት ቆንጥጦ መያዝ ቆዳው እንዳይጎተት ያደርጋል። ከዚያ ቋጠሮውን በጣት ከፋፍሎ፣ ከጫፉ ጀምሮ ወደ ሥሩ እየቀረቡ መፍታት ነው፤ ጥቂት የበቆሎ ስታርች ቢነሰነስበት ጸጉሩ ይንሸራተታል። ካልተፈታ ማበጠሪያውን በቋጠሮውና በቆዳው መካከል አስገብቶ ከማበጠሪያው በላይ በመቀስ መቁረጥ ይቻላል። መቀስን ያለዚህ መከላከያ ወደ ቋጠሮ ማስገባት የውሻውን ቆዳ ለመቅደድ የተመቸ ዘዴ ነው፤ ቋጠሮው ቆዳውን ወደ ውስጡ ስቦ ስለሚይዘው የቱ ጸጉር፣ የቱ ሥጋ እንደሆነ አይለይም።

መስከረም አልፎ ሣሩ መድረቅ ሲጀምር ሌላ ሥራ ይጨመራል። ወደ አንገረብ ወይም ወደ ከተማው ዙሪያ ተረተሮች ለሽርሽር የወጣ ውሻ ጨጎጎት ተሸክሞ ይመለሳል። ጨጎጎቱ ሲያስጠላ ይታያል እንጂ ክፉው እሱ አይደለም፤ ክፉው ሹል የሰንበሌጥና የሌላ ሣር ፍሬ ነው። ይህ ፍሬ በጣቶቹ መካከል ወይም በጆሮው ገብቶ ወደፊት ብቻ ይጓዛል፣ ቆዳን በስቶም መግል ያስቋጥራል። ከሽርሽር በኋላ እያንዳንዱን የጣት መካከል በጣት መክፈትና መዳሰስ፣ ራሱን አጥብቆ የሚያራግፈውን ውሻ ጆሮ ማየት የግድ ነው። እግረ መንገዱንም የፊት እግሩን አውራ ጥፍር መፈለግ ይገባል፤ መሬት ስለማይነካ አይሞረድም፣ በጸጉር ተሸፍኖ እየተጠቀለለም ሥጋው ውስጥ ይገባል።

ማጠብ

ንጹሕ ሆኖ የሚበጠር ውሻ በሁለት ወር አንድ ጊዜ ቢታጠብ በቂው ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ መልካም ዜና ነው፣ ምክንያቱም ድርብ ጸጉር ያለውን ውሻ በትክክል አጥቦ ለማለቅለቅ ብዙ ባልዲ ውኃ ይጠይቃል፤ በቂ ውኃ ከሌለ በከፊል ከማጠብ መተው ይሻላል፣ ያልለቀቀ ሳሙና ቆዳውን ያሳክካል። ከመታጠቡ በፊት ተበጥሮ መጨረስ አለበት። ቋጠሮ ውኃ ሲነካው ይጠብቃል፤ ደርቆም እንደ ተረገጠ ሱፍ ይሆናል።

የውሻ ቆዳ አሲድነቱ ከሰው ቆዳ ያነሰ ስለሆነ የሰው ሻምፖ አይስማማውም፤ የልብስ ዱቄት ሳሙናና የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ደግሞ የተፈጥሮ ቅባቱን ጠርገው ይወስዱበታል። በእንዶድ ማጠብ የሚመክሩ ሰዎች ቢኖሩም ዓይንንና አፍን የሚያቃጥል በመሆኑና ውሻም የራሱን ጸጉር የሚልስ በመሆኑ አልስማማበትም። የውሻ ሻምፖ ካልተገኘ ሽታ የሌለው ለስላሳ የሕፃን ሻምፖ በብዙ ውኃ ቀጥኖ አልፎ አልፎ ቢውል አይከፋም። ፀሐይ ያለበት ቀን ተመርጦ በረፋድ ለብ ባለ ውኃ ይታጠብ፣ በፎጣ ሳይታሽ ተጫን ተጫን ተደርጎ ይድረቅ፣ እያበጠሩም ፀሐይ ላይ ይቆይ። ከላይ የደረቀ የመሰለው ጸጉር ሥሩ ሳይደርቅ ከመሸ፣ በማግሥቱ ውሻው ሲልሰው የሚውል ቀይ፣ የሚያዠና ጸጉሩ የረገፈ ቁስል ሊወጣ ይችላል። በክረምት ወራት ስለዚህ ማጠቡን ትቶ ጭቃውን ማድረቅና ማበጠር ይበቃል፤ የደረቀ ጭቃ ከዚህ ጸጉር በራሱ ይረግፋል።

መዥገር፣ ክትባትና የተራራው ቀበሮ

መዥገር የሚወደው የጆሮ ውስጥ፣ አንገት፣ ብብትና የጣቶች መካከል ነው። ሲገኝ ከቆዳው ተጠግቶ በወረንጦ ይዞ ሳያጣምሙ መሳብ ነው እንጂ ጋዝ ማፍሰስ ወይም በክብሪት መተኮስ አይገባም። ለከብት የሚረጨውን ወይም ለእርሻ የተሸጠውን ፀረ ተባይ በግምት በጥብጦ ውሻን መንከር በየሰፈሩ የሚደረግ ነገር ነው፤ ጸጉራም ውሻ መርዙን በጸጉሩ አጥምቆ ይዞ ቀኑን ሙሉ ስለሚልሰው ከሌላው ይልቅ ይጎዳል። አይቨርሜክቲን የተባለው የጥገኛ ተባይ መድኃኒትም ለከብት በሚለካበት መጠን ለውሻ አይሰጥም፤ ኮሊ የሚባለው ረጅም ጸጉራም የእረኛ ውሻ ዝርያና የእሱ ድቅሎች በውርስ ምክንያት ይህ መድኃኒት አንጎላቸው ውስጥ ስለሚገባ ሊሞቱ ይችላሉ። የውሻ መድኃኒት መጠን የሚታወቀው በሚዛን ነው፤ ባለቤቱ ውሻውን ታቅፎ ሚዛን ላይ ወጥቶ የራሱን ክብደት ቢቀንስ ይበቃል።

የቡችላ ክትባት ከስድስተኛው እስከ ስምንተኛው ሳምንት ተጀምሮ በየሦስትና በየአራት ሳምንቱ እስከ አሥራ ስድስተኛው ሳምንት ይደገማል፤ ዋና ዓላማውም ፓርቮና ዲስቴምፐር የተባሉትን ገዳይ በሽታዎች መከላከል ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሦስተኛው ወር ይሰጣል፣ በዓመቱ ይደገማል፣ ከዚያም ሐኪሙ በሚያዘው ጊዜ ይታደሳል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር በመሆኑ ከተማችን በዚህ ረገድ ከብዙ ከተሞች የተሻለ ዕድል አላት። ክትባቱን ያልወሰደ ወይም የማይታወቅ ውሻ ሰው ከነከሰ፣ ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ ተነካሹ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። ምልክቱ አንዴ ከታየ በሽታው ገዳይ ስለሆነ፣ ጸበልም ሆነ የባህል መድኃኒት የሚሻ ሰው ክትባቱን አስቀድሞ ይውሰድ።

በደባርቅ በኩል ወደ ስሜን ተራሮች የሚጓዙ ቤተሰቦች ውሻቸውን መኪና ላይ ጭነው መውሰድ የለባቸውም፣ የተከተበም ቢሆን። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ሁሉም በኢትዮጵያ ደጋ ተራሮች የሚኖሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች በቀበሮዎቹ ላይ የተነሣው የእብድ ውሻ በሽታ ወረርሽኝም የመጣው ከቤት ውሾች ነው። በደባርቅና በዳባት ገጠር ዘመድ ያለው ሰው ውሻውን ይዞ መሄዱ የማይቀር ከሆነ፣ ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ አስከትቦ፣ በቆይታውም ከግቢ እንዳይወጣ አስሮ ያቆየው።